ሁለት በአራት ያልሆነው «ቱ ባይ ፎር»፦ የእንጨት የስም ልክና እውነተኛ ልክ

አሜሪካ ውስጥ ቤዝመንቱን በራሱ እጅ ለመከፋፈል የተነሣ ሰው «ቱ ባይ ፎር» የሚባለውን እንጨት ገዝቶ ሜትር ሲጥልበት የሚያነበው 2 ኢንች በ4 ኢንች ሳይሆን 1½ በ3½ ነው። ብዙዎች መጀመሪያ የሚሉት «ተታለልኩ» ነው። ቀጥሎ ከጎረቤት ወይም ከሻጩ የሚመጣው ማብራሪያ ደግሞ «ከግንዱ ሲሰነጠቅ ሁለት በአራት ነበር፤ ደርቆና ተልጎ ነው የቀነሰው» የሚል ነው። የመጀመሪያው አባባል ስህተት ነው። ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው፤ እንደ ሙሉ እውነት ሲነገር ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናል። በእንጨቱ ስም ላይ ያለው ቁጥር ዛሬ የማንኛውም ነገር ልክ አይደለም፤ ስም ብቻ ነው። ገዢውን የሚጠብቀው ከስሙ ጀርባ የተጻፈው ሌላ ቁጥር ነው።

ክርክሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ

ግራ መጋባቱ በመደብር መደርደሪያ ፊት ብቻ አልቀረም። በ2017 ሜናርድስ እና ሆም ዲፖ የተባሉት ሁለት ትልልቅ የሕንፃ ዕቃ መደብሮች በኢሊኖይ ሰሜናዊ ክፍል የፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሱ። የከሳሾች ነጥብ ቀላል ነበር፤ «4×4» ተብሎ የተሸጠው ምሰሶ 3½ በ3½ ኢንች ሆኖ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ገዢው ያልተቀበለውን እንጨት ከፍሏል የሚል ነው። በሜናርድስ ላይ የቀረበውን ክስ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ውድቅ አደረገው። ከምክንያቶቹ አንዱ መለያው ላይ ከቁጥሮቹ አጠገብ የኢንች ምልክት አለመኖሩ ነው። ምልክት የሌለው «4×4» የዕቃው መጠሪያ እንጂ የመጠን ቃል ኪዳን ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም ተባለ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን በካሊፎርኒያ ነገሩ በሌላ መንገድ ተቋጭቶ ነበር። የአውራጃ ዐቃቤያነ ሕግ ሎውስ የተባለውን መደብር በምርቶች የመጠን አገላለጽ ምክንያት ከሰው፣ ድርጅቱ በ2014 1.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በስምምነቱ መሠረት የተለመደውን የንግድ ስም ሲጠቀም እውነተኛውን ልክ አብሮ መግለጽ ነበረበት።

ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ ቢመስሉም የተጠየቀው ጥያቄ የተለያየ ነው። ኢሊኖይ ላይ «ስሙ ውሸት ነው ወይ?» ተብሎ ነበር፣ መልሱም አይደለም ሆነ። ካሊፎርኒያ ላይ የተነሣው «ስሙ ብቻውን ይበቃል ወይ?» የሚለው ነው። በዚህ ጸሐፊ እይታ ለገዢው የሚጠቅመው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ አናጺ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አዲስ ገዢ እንዲያውቅ መጠበቅ ለሻጩ ብቻ የሚመች ግምት ነው።

ስሙና ልኩ

በእንግሊዝኛ «ኖሚናል» የሚባለውን የስም ልክ፣ «አክችዋል» የሚባለውን እውነተኛ ልክ ልንለው እንችላለን። የስም ልክ ለመጥሪያ፣ ለማዘዣና ለሂሳብ የሚውለው ክብ ቁጥር ነው። እውነተኛ ልክ እንጨቱ ከደረቀና በአራቱም ጎን ከተላገ በኋላ በካሊብሮ የሚለካው ነው። በአሜሪካ ለለስላሳ እንጨት፣ ማለትም እንደ ጥድ ላሉ መርፌ ቅጠል ዛፎች ውጤት፣ ሁለቱን የሚያስተሳስረው ፒ ኤስ 20 የሚባለው መስፈርት ነው። የሚወጣው በንግድ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ በውዴታ የሚተገበር ቢባልም የሕንፃ ሕጎች ስለሚጠቅሱት በተግባር አስገዳጅ ሆኗል።

በብዛት የሚገዙት እነዚህ ናቸው (በኢንች፣ በቅንፍ በሚሊ ሜትር)፦

1×4 ፦ ¾ × 3½ (19 × 89)
1×6 ፦ ¾ × 5½ (19 × 140)
2×4 ፦ 1½ × 3½ (38 × 89)
2×6 ፦ 1½ × 5½ (38 × 140)
2×8 ፦ 1½ × 7¼ (38 × 184)
2×10 ፦ 1½ × 9¼ (38 × 235)
2×12 ፦ 1½ × 11¼ (38 × 286)
4×4 ፦ 3½ × 3½ (89 × 89)

ይህን ለማስታወስ ረጅም ሰንጠረዥ መያዝ አያስፈልግም። ስሙ 1 የሆነ ውፍረት ¾ ነው። ከ2 እስከ 6 ያለው ግማሽ ኢንች ይቀነስለታል። ስፋቱ 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ተቀናሹ ¾ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ መዝለያ ላይ ነው፤ 2×6 5½ መሆኑን አይቶ 2×8 ን 7½ ብሎ ያሰላና ወለሉ ሩብ ኢንች ዝቅ ብሎ ያገኘዋል።

ርዝመት ግን የስም ጨዋታ የለበትም። ባለ 8 ጫማ (ፉት) የተባለው እንጨት 8 ጫማ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጫፉ እንዲስተካከል ጥቂት ይተርፈዋል። ለርዝመት የተለየ ልክ ያለው ለግድግዳ ቋሚ ተብሎ አስቀድሞ የተቆረጠው ነው፤ እሱ 92⅝ ኢንች ነው። ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ድርቀትና መላጊያው የማይገልጹት

አሁን ወደዚያ ግማሽ እውነት። እንጨት ሲደርቅ በእርግጥ ይኮማተራል። ግንዱ ውስጥ ያለው ውሃ በሁለት ቦታ ነው፤ በቃጫዎቹ ክፍት ሆድ ውስጥ እና በግድግዳቸው ውስጥ። የሆድ ዕቃው ውሃ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ አያንስም። እርጥበቱ ከደረቁ እንጨት ክብደት አንጻር ወደ 28 እስከ 30 በመቶ ሲወርድ የግድግዳው ውሃ መውጣት ይጀምራል፣ መጠኑ የሚቀንሰውም ከዚያ ወዲህ ነው። የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ ያለው መኮማተር ከመሃል ወደ ቅርፊት ካለው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ በርዝመቱ ግን ከቁጥር አይገባም። ጣውላ ሲደርቅ ወደ አንድ ጎን የሚጠመዝዘውና የሚጎብጠው ከዚህ አለመመጣጠን የተነሣ ነው።

ችግሩ ቁጥሩ ነው። እርጥብ ሳለ የተላገ 2×4 በመስፈርቱ 1 9/16 በ3 9/16 ይሆናል፣ ሲደርቅም ወደ 1½ በ3½ ይወርዳል። ድርቀት ከስፋቱ የወሰደው 1/16 ኢንች ብቻ ነው ማለት ነው። መላጊያው ከሁለቱም ፊት የሚያነሣው ተጨምሮበትም ግማሽ ኢንች አይሞላም። ዘመናዊ መሰንጠቂያ ለ2×4 ብሎ ከግንዱ የሚያወጣው ጣውላ ከመነሻው 2 ኢንች ውፍረት የለውም፤ ወደ 1¾ የሚጠጋ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። መጋዞቹ ቀጥ ብለው በትክክል ስለሚቆርጡ ከዚያ በላይ ማስተረፍ ግንድ ማባከን ይሆናል። ስለዚህ «ሲሰነጠቅ ሁለት በአራት ነበር» የሚለው ስለ ድሮ መሰንጠቂያ እውነት ነው፤ ዛሬ መደብር ውስጥ ስለተደረደረው ግን አይደለም።

ታዲያ 1½ ከየት መጣ? ከጭነት ዋጋና ከድርድር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሰንጠቂያው ለአካባቢው ሰው ይቆርጥ ነበር፤ እንጨቱ ሳይላግ ይሸጣል፣ አናጺው እቦታው ላይ ያስተካክለዋል። ደኑ እየተመነጠረ የምርቱ ማዕከል ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ጠረፍ ሲርቅ እንጨት በባቡር ብዙ መቶ ማይል መጓዝ ጀመረ። ጭነት በክብደት ነው የሚከፈለው። አድርቆና ልጎ የላከ ነጋዴ ያተርፋል፣ ይበልጥ አቅጥኖ የላከ ደግሞ ይበልጥ። ከፓናማ ቦይ መከፈት በኋላ የምዕራቡ እንጨት በመርከብ ወደ ምሥራቁ ገበያ ሲገባ ፉክክሩ ባሰ። የአንዱ አካባቢ 2×4 ከሌላው ጋር አይገጥምም ነበር።

በ1919 በተካሄደው የእንጨት ኮንግረስ የተነሣው የአንድነት ጥያቄ፣ ኸርበርት ሁቨር የንግድ ሚኒስትር ሳለ በ1924 ወደ መጀመሪያው ብሔራዊ መስፈርት አደረሰ። ያኔ የደረቀና የተላገ 2×4 1⅝ በ3⅝ ሆነ፤ ባለ 1 ኢንቹ ጣውላ 25/32። ቀጥሎ የመጣው ጠብ በደረቅና በእርጥብ እንጨት አምራቾች መካከል ነበር። እንጨቱን አድርቆ የሚሸጠው ወጪ አለበት፤ በእርጥቡ የሚሸጠው ያንኑ ልክ ሰጥቶ በኋላ እንጨቱ በገዢው ቤት ውስጥ ያንሳል። ሁለቱን ያስታረቀው በ1970 የወጣው መስፈርት ነው። ለደረቁ 1½ በ3½፣ ለእርጥቡ 1 9/16 በ3 9/16 ተሰጠ፤ ሁለቱም ሲደርቁ እኩል ይሆናሉ። በዚያው አጋጣሚ ደረቁ 2×4 አንድ ስምንተኛ ኢንች ቀጠነ። ይህን የወሰነው የአምራቾች ስምምነት ነው፣ ስሙን ደግሞ ማንም አልነካውም።

ነገሩ ማጭበርበር ነበር ማለት ግን አይደለም። መስፈርቱ ያለው ዝቅተኛውን ልክ ነው፤ ከዚያ በታች የሆነ ደረቅ እንጨት በዚያ ስም ሊሸጥ አይችልም። የስም ሥርዓቱ ክብሩ ያለው እዚህ ነው። 1⅜ ውፍረት ያለው «2×4» ያገኘ ሰው የሚከራከርበት ጽሑፍ አለው።

ማኅተሙን ማንበብ

ለግንባታ የሚሸጥ እንጨት ላይ ሁሉ የደረጃ ማኅተም አለ። ከዛፉ ዓይነትና ከጥንካሬ ደረጃው በተጨማሪ እርጥበቱ ይጻፍበታል። «ኤስ-ጂአርኤን» ማለት ሲላግ ከ19 በመቶ በላይ እርጥበት ነበረው ማለት ነው። «ኤስ-ድራይ» 19 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ የተላገ ነው። «ኬዲ» በማድረቂያ ምድጃ የደረቀ፣ «ኤችቲ» ሲጨመርበት ደግሞ ነፍሳትን ለመግደል በሙቀት የታከመ ነው። ልኩ ከአርባ እንጨት መካከል ለምን እንደሚለያይ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ብዙ ጊዜ እዚህ ያገኘዋል፤ የተለያየ ማኅተም ያለው እንጨት በአንድ ክምር ተቀላቅሎበታል።

19 በመቶ ራሱ የመጨረሻው አይደለም። ክረምት ላይ ማሞቂያ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ያለ እንጨት ወደ 8 በመቶ ሊወርድ ይችላል። እርጥበት በ4 ነጥብ ሲቀንስ ስፋቱ በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል በሚለው የአናጺዎች ግምት፣ 9¼ ኢንች ያለው 2×10 ወራጅ ሩብ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ከጎኑ በብረት ወይም በፋብሪካ በተጣበቀ እንጨት የተሠራ ምሰሶ ካለ እሱ አይንቀሳቀስም። አዲስ ቤት በመጀመሪያው ክረምት ወለሉ ማዕበል የሚሠራው፣ ኮርኒሱ ጥግ ላይ የሚሰነጠቀው በአብዛኛው በዚህ ልዩነት ነው።

የሚከፈለው ለየትኛው ልክ ነው?

የጅምላ ዋጋ የሚነገረው በ«ቦርድ ፉት» ነው። አንድ ቦርድ ፉት 12 ኢንች በ12 ኢንች፣ 1 ኢንች ውፍረት፣ ማለትም 144 ኩቢክ ኢንች ነው። ሂሳቡ ግን የሚሠራው በስም ልክ ነው። ባለ 8 ጫማ 2×4 በስሙ 5⅓ ቦርድ ፉት ይባላል፤ በእውነተኛ ልኩ ሲሰላ ልክ 3½ ነው። 65.6 በመቶ። ለ4×4 ይኸው ድርሻ 76.6፣ ለ2×10 69.4 በመቶ ይሆናል።

በአንድ አገር ውስጥ ይህ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ሁሉም ሻጭ በአንድ ዓይነት ቀመር ስለሚያሰላ ዋጋው ያንኑ አስቦ ነው የሚቆረጠው። በግንቦት 2021 የአሜሪካ የእንጨት ዋጋ በሺህ ቦርድ ፉት ከ1,600 ዶላር በላይ ሲወጣ የተማረረው ገዢ የተጎዳው በዋጋው ነው፣ በስሙ አይደለም። አደጋው የሚመጣው በኩቢክ ሜትር ከሚሸጥ እንጨት ጋር ሲነጻጸር ነው። ሺህ ቦርድ ፉት በስሙ 2.36 ኩቢክ ሜትር ነው። 2×4 ከሆነ ግን መርከቡ ላይ ያለው እንጨት 1.55 ገደማ ነው። ለምሳሌ በሺህ ቦርድ ፉት 500 ዶላር የቀረበ ዋጋ በስም ልክ ሲመነዘር በኩቢክ ሜትር 212 ዶላር ይመስላል፤ እውነተኛው 323 ነው። ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ለማስመጣት ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ «ኩቢኩ በየትኛው ልክ ነው የተሰላው?» ሳይል ውል መፈረም የለበትም።

የጎደለው ኢንች ጥንካሬን እንዴት ይነካል

ውፍረትና ስፋት በእኩል አይመዘኑም። አግዳሚ ሆኖ ጭነት የሚሸከም እንጨት አለመጉበጡ የሚወሰነው ውፍረቱ በቁመቱ (በጠርዙ ሲቆም ስፋቱ ማለት ነው) ኪዩብ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ነው። ሙሉ 2 በ4 ቢሆን ይህ ቁጥር 10.67 ይሆን ነበር፤ ለ1½ በ3½ 5.36 ነው። ግማሽ ማለት ነው! እንጨቱ በይዘት አንድ ሦስተኛ ገደማ ቢቀንስም በግትርነት ግማሹን አጥቷል። ለ2×10 ኪሳራው ያንሳል፤ ወደ 59 በመቶ ይቀርለታል።

ይህ ማለት የአሜሪካ ቤቶች ደካማ ናቸው ማለት አይደለም። ወራጅ ስንት ጫማ ሊዘረጋ እንደሚችል የሚናገሩት የሕንፃ ሕግ ሰንጠረዦች ከመነሻው የተሰሉት በ1½ ነው። ችግር የሚፈጠረው በእጁ ያሰላ ሰው የስም ልኩን ወደ ቀመሩ ሲያስገባ ነው።

ስህተቱ የሚታይባቸው ቦታዎች

ግድግዳ እንውሰድ። ከታች አንድ፣ ከላይ ሁለት አግዳሚ 2×4 በጠፍጣፋው ይተኛሉ፤ ሦስቱ 4½ ኢንች ይሆናሉ። ቋሚው 92⅝ ሲጨመር 97⅛። ከላይ ግማሽ ኢንች የኮርኒስ ጂፕሰም ቦርድ ሲቀነስ 96⅝ ይቀራል፤ 48 ኢንች የሆኑ ሁለት ቦርዶች አግድም ተደርበው 96 ኢንች ሞልተው ከሥር ጠባብ ክፍተት ትተው ይገባሉ። የቋሚው ያልተለመደ ቁጥር ምክንያቱ ይኸው ነው። አግዳሚዎቹን እያንዳንዳቸውን 2 ኢንች ብሎ የገመተ ሰው ቋሚውን 91⅛ ይቆርጣል፣ ግድግዳው 95⅝ ይሆናል፣ ቦርዱም አልገባ ይላል። የዚያን ሁሉ ቦርድ ጠርዝ መቁረጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ቋሚዎች ከመሃል እስከ መሃል 16 ኢንች ሲተከሉ በመካከላቸው 14½ ይቀራል። ሙቀት መከላከያው 15 ኢንች ስፋት ሆኖ የሚሸጠው ተጣብቆ እንዲቆም ነው። ውፍረት ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ «አር-19» የሚባለው የፋይበር ጥቅል 6¼ ኢንች ሆኖ ሳለ 2×6 ግድግዳ ያለው ጥልቀት 5½ ነው። ተጨፍልቆ ይገባል፣ የመከላከል አቅሙም ወደ 18 ይወርዳል። ለዚህ ጥልቀት ታስቦ የተሠራው «አር-21» ነው።

በር ሲገዛ የሚጠየቀው 4 9/16 የተባለ የመቃን ስፋትም ከዚሁ ይመጣል፤ 3½ ቋሚ፣ በሁለቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ኢንች ቦርድ፣ ከዚያ 1/16 ማስተንፈሻ። ቦርዱ ⅝ ከሆነ ግን ይህ መቃን አይበቃም፤ ግድግዳው 4¾ ሆኗልና።

አሮጌ ቤት የገዛ ሰው ሥራው ይከብዳል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ቤቶች ግድግዳ ሲከፈት 1⅝ በ3⅝፣ አንዳንዴም ሙሉ 2 በ4 ይገኛል። አዲስ 2×4 ከጎኑ ሲቆም ፊቱ አንድ ስምንተኛ ወይም ግማሽ ኢንች ወደ ውስጥ ይገባል። ቦርዱ ከተለጠፈ በኋላ ማስተካከል ስለማይቻል አስቀድሞ ጥቂት ቋሚዎችን ለክቶ ልዩነቱን በቀጭን ስንጣቂ ወይም በካርቶን መደረቢያ መሙላት ይሻላል። ከአካባቢ መሰንጠቂያ ያልተላገ እንጨት የሚገዛም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል፤ የብረት ወራጅ መያዣዎች የሚሠሩት ለ1½ ስለሆነ ሙሉ 2 ኢንች አይገባባቸውም። ለእሱ የሚሆን ሰፊ መያዣ ለብቻው ይታዘዛል።

ከቤት ውጭ የሚሠራ የእንጨት ወለል (ዴክ) ላይ ስህተቱ በቁጥር ይታያል። 12 ጫማ፣ ማለትም 144 ኢንች ስፋት ያለውን ወለል «ባለ 6» በሚባል ጣውላ ለመሸፈን በስሙ ያሰላ ሰው 24 ያዛል። ጣውላው 5½ ነው፤ ከ⅛ ክፍተት ጋር 26 ያስፈልጋል። ክፍተቱም ራሱ በእርጥበቱ ይወሰናል። በኬሚካል ተነክሮ ገና እርጥብ ሆኖ የመጣ ጣውላ ተጠጋግቶ ነው የሚመታው፤ ሲደርቅ በራሱ ይከፈታል። እርጥብ ሆኖ ክፍተት ከተተወለት ግን ከዓመት በኋላ የጫማ ተረከዝ የሚውጥ ስንጥቅ ይሆናል።

ስሙ ሌላ ሕግ የሚከተልባቸው ዓይነቶች

ከላይ ያለው ሁሉ ለለስላሳ እንጨት ነው። እንደ ኦክና ዋልነት ያለው ጠንካራ እንጨት በሩብ ኢንች ይቆጠራል፤ 4/4 «አራት ሩብ» ተብሎ 1 ኢንች ሻካራ ውፍረት፣ 8/4 ደግሞ 2 ኢንች። እዚህ ቁጥሩ ስም ብቻ ሳይሆን ከመላጊያው በፊት የነበረው ልክ ነው፤ በሁለት ፊቱ የተላገ 4/4 13/16 ይመጣል። ስፋቱ የተወሰነ ስላልሆነ ገዢው እያንዳንዱን ይለካል። ግራ የሚያጋባው 5/4 የተባለው የዴክ ጣውላ ነው፤ ስሙን ከጠንካራ እንጨት ሥርዓት ተውሶ በለስላሳው ሕግ ይኖራል፣ እውነተኛ ውፍረቱም 1 ኢንች ነው።

ኮምፔንሳቶ ላይ ርዝመትና ስፋቱ እውነት ነው፣ 48 በ96 ኢንች። ውፍረቱ ግን ¾ ሲባል 23/32፣ ½ ሲባል 15/32 ሊሆን ይችላል። 1/32 ኢንች ትንሽ ይመስላል፤ ለመደርደሪያ ¾ ቦይ የቆፈረ ሰው ግን መደርደሪያው ሲንቀጠቀጥ ያየዋል። ደንቡ አንድ ነው፦ ቦዩ የሚቆፈረው የተገዛው ኮምፔንሳቶ ከተለካ በኋላ ነው።

ቁጥሩ ወደ ሴንቲ ሜትር ሲሻገር

ካናዳ እንጨቱን በሱቅ 2×4 እያለች በሕንፃ ሕጓ ላይ 38×89 ሚሊ ሜትር ብላ ትጽፋለች። ብሪታንያ ውስጥ ይኸው እንጨት «ሲኤልኤስ» ተብሎ በ38×89 ነው የሚሸጠው፤ የተላገ ቀጭን እንጨት ግን አሁንም ከመላጊያ በፊት በነበረው ልክ ሊጠራ ስለሚችል 25×50 የተባለው 20×44 ገደማ ሆኖ ይገኛል። ስዊድን ውስጥ 45×95 ሲባል ልኩም ይኸው ነው።

ከአሜሪካ የተገኘ ዕቅድ ወይም የግንባታ ቪዲዮ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራበት 2×4 በቀጥታ ተባዝቶ 5×10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እንጨቱ ስለሚወፍር በጥንካሬ በኩል ጉዳት የለውም፤ መገጣጠሚያዎቹና የውስጥ ልኮቹ ግን ሁሉም ይዛባሉ። የከፋው ተቃራኒው ነው፤ በ5×10 የተሰላ ጣሪያ ላይ ከውጭ የገባ 38×89 ቢገባ ግትርነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

እኛ ዘንድ ሞራሌና ጣውላ የሚታዘዙት በሴንቲ ሜትር ነው። የሥራ ዝርዝር ላይ 5×7 ተብሎ ሲጻፍ መሐንዲሱ ያሰላው በ5 እና በ7 ነው፤ ከጀርባው ሌላ ቁጥር የያዘ የስም መስፈርት የለም። ስለዚህ «አሜሪካም እንኳ ይቀንሳል» የሚለው የሻጭ መከላከያ ውሃ አይቋጥርም። 5×7 ሞራሌ በውፍረቱም በስፋቱም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጎድሎ 4.5×6.5 ቢሆን የመሸከም አቅሙ ወደ 78 በመቶ፣ ግትርነቱ ወደ 72 በመቶ ይወርዳል። ከዚያ ላይ ባህር ዛፉ ትኩስ ተሰንጥቆ እርጥብ እንደሆነ ከተመታ፣ ሲደርቅ የሚኮማተረው ይጨመርበታል፤ ባህር ዛፍ ደግሞ ከጥድ ይበልጥ የሚኮማተርና የሚጠማዘዝ እንጨት ነው። ርክክብ ላይ ከክምሩ ከተለያየ ቦታ አሥር ያህል አንሥቶ፣ እያንዳንዱን በሁለቱ ጫፍና በመሃሉ በካሊብሮ መለካት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መሃሉ ከጫፎቹ ቀጥኖ ከተገኘ ሰንጣቂው መስመሩን ስቷል፤ ሁሉም እኩል ቀጥኖ ከተገኘ ግን መጋዙ ሲደገን ጀምሮ ቀጥኗል።

ስሙ ይቀየር?

አንዳንዶች አሜሪካ የስም ልኩን ጥላ እውነተኛውን ብቻ እንድትጽፍ ይፈልጋሉ። የተቃራኒው ወገን መልስ ቀላል የሚባል አይደለም። የሕንፃ ሕጉ ሰንጠረዥ፣ የብረት መያዣው፣ የመማሪያ መጽሐፉ፣ የአናጺው አፍ ሁሉ በስሙ የተገነባ ነው፤ በ1970 ልኩ ሲቀየር ስሙ ባይቆይ ኖሮ ግራ መጋባቱ ይብስ ነበር። «አንድ ነጥብ አምስት በሦስት ነጥብ አምስት» ብሎ የሚያዝም የለም። የካናዳው መንገድ፣ በአፍ ስሙን በወረቀት ልኩን መያዝ፣ ከሁለቱ ወገን ይልቅ የሚያሳምን ይመስላል፤ በዋጋ መለያው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ማተምም ለመደብሩ ብዙ አያስወጣውም። አንዳንድ መደብሮች ይህን አስቀድመው ጀምረዋል፤ ልኩ ግን ከስሙ ይልቅ በሚያንስ ፊደል፣ ከመለያው ግርጌ ነው የሚገኘው።